ከቻሪቲ ሾፕ የገዛሁት ባርኔጣ ላይ ያለው ነጭ ላባ የምን ወፍ ነው?

የማንችስተሯ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ወሬዬ ግን ይረዝማል። ቡናችሁን ቀድታችሁ አንብቡኝ።

ማንችስተር ከገባሁ 11 ዓመት ሆነኝ። የምሠራው አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በሚቀጥለው ወር ልጇን ትድራለች። እዚህ አገር ሰርግ ላይ ሴቱ ሁሉ ባርኔጣ ነው። እኔ በሀበሻ ቀሚስ ልገላገል አስቤ ነበር። እሷ ግን "ባርኔጣ አድርገሽ ካልመጣሽ እቀየምሻለሁ" አለችኝ። ሱቅ ገብቼ ዋጋ ጠየቅሁ። ዋጋውን ስሰማ ገና ሳላደርገው ራሴን አመመኝ።

ስለዚህ እንደ ልማዴ ቻሪቲ ሾፕ (ሰው የለገሰው ያገለገለ ዕቃ ለበጎ አድራጎት የሚሸጥበት ሱቅ) ገባሁ። መደርደሪያ ላይ ክብ ካርቶን አየሁ። ስከፍተው ጥቁር የከፋይ ባርኔጣ። አሮጌ ነው፤ የውስጡ ሐር ተሰነጣጥቋል። ቅርጹ ግን ምንም አልሆነም። 12 ፓውንድ። ጎኑ ላይ ነጭ ላባ ተሰክቷል። ላባ ከምለው ጭስ ብለው ይቀለኛል። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ አጠገቡ ስተነፍስ ይርገበገባል። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ገዛሁት።

በማግስቱ ለጓደኞቼ ላሳይ ብዬ ሥራ ቦታ ይዤው ሄድኩ። ከምንጦራቸው እናቶች አንዷ ዕድሜያቸው ዘጠናን አልፏል። ብዙውን ጊዜ ዝም ነው። ያን ቀን ግን ባርኔጣውን አዩና "ይሄን አድርገሽ እናቴ ቤት ብትመጪ ሻይ አታገኚም ነበር" አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። "ለዚች ላባ ስንት ጫጩት እንደሞተ ታውቂያለሽ? ዲድስበሪ ሂጂና የኤምሊን ቤት እዪ" ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከዚያ በኋላ ብጠይቃቸው ብለማመጣቸው መልስ የለም።

ዲድስበሪ ለእኔ ሩቅ አይደለም። እዚያ ያለው ፍሌቸር ሞስ ፓርክ ልጄን በጋሪ እየገፋሁ ያሳደግሁበት ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጎራ አልኩ። ተዳፋቱ ላይ በድንጋይ የተደረደረ የአበባ ቦታ አለ። ከላዩ ዘ ክሮፍት የሚባል ቤት። ስንት ዓመት በአጠገቡ አልፌያለሁ! ለካ ግድግዳው ላይ ጽሑፍ አለ። ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አባል ያለው የእንግሊዝ የወፎች ጥበቃ ማኅበር በ1889 የተጀመረው እዚያ ቤት ውስጥ ነው። ጀማሪዋ ኤምሊ ዊሊያምሰን ትባላለች። (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው፤ እዚህ የምትጽፉም እንደዚያው አድርጉልኝ፣ እንዳንምታታ።)

ፓርኩ የሚጠራው ግን ቦታውን ለከተማው በሰጠው ሰውዬ ስም ነው። መሐል ከተማ ወርጄ ደግሞ ከትራሙ ማዶ የኤመሊን ፓንክኸርስትን ሐውልት አያለሁ፤ የሴቶችን የመምረጥ መብት ያስከበረችው። እሷን ልጄ ትምህርት ቤት ተምራታለች። ኤምሊን ግን ጠይቄያት "ማን?" አለችኝ።

እና ጥያቄዬ፦ ላባው የምን ወፍ ነው? ባደርገው ወንጀል ነው ወይስ ነውር? ይህች ኤምሊስ ብቻዋን ነበረች? የምታውቁ ንገሩኝ።

መርፌና ክር፦

እህቴ፣ እኔ ለንደን አንድ ቴአትር ቤት ልብስ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። አሮጌ ባርኔጣ በእጄ ብዙ አልፏል። "ጭስ" ስትዪ ደነገጥኩ፤ ምክንያቱም እኛም እንደዚያ ነው የምንለው።

እንዲህ አድርገሽ ለዪው። መስኮት አጠገብ ያዢውና አንዷን ዘለላ ተመልከቺ። ከዘንጉ የሚወጡት ክሮች ተራርቀው፣ እርስ በርስ ሳይያያዙ፣ እንደ ጸጉር ለየብቻ ከቆሙ ኢግሬት ነው። የዶሮ ወይም የዝይ ላባ ቢሆን ክሮቹ እንደ ዚፕ ይያያዛሉ፤ ብትለያያቸውም በጣትሽ ስታሺያቸው መልሰው ይገጥማሉ። አሁን ያሉ ባርኔጣ ሠሪዎች የዝይ ላባ ገፈው ያን ለማስመሰል ይሞክራሉ። የተገፈፈው ግን ይደርቃል፣ አይርገበገብም። ሰጎን ከሆነ ደግሞ አትሳሳቺውም። ሞላ ያለና ለስላሳ ነው፤ ከዘንጉ ግራና ቀኝ ያለው እኩል ነው። የሌላው ወፍ የክንፍ ላባ አንዱ ጎኑ ይጠባል።

ኢግሬት ነጭ ወፍ ነው፣ እግረ ረጅም፣ ውኃ ዳር የሚውል። ያ ጭስ መሳይ ላባ ጀርባው ላይ የሚበቅለው ለመራቢያው ወቅት ብቻ ነው። እንግዲህ አስቢው። አዳኙ ላባውን ከፈለገ ሌላ ጊዜ መሄድ አይጠቅመውም፤ ጎጆው ላይ ሄዶ ነው የሚተኩሰው። እናትና አባት ይሞታሉ። ጫጩቶቹ አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ። አሮጊቷ ያሉሽ ይህንን ነው።

ነጋዴዎቹ በስሙ አይሸጡትም ነበር። "ኦስፕሬይ" ይሉታል። ኦስፕሬይ ዓሣ የሚያድን ሌላ አሞራ ነው፣ ምንም አያገናኘውም። ገዢዋ ስትጠራጠር ወይ "ወፉ ራሱ ጥሎት ከመሬት የተለቀመ ነው" ትባላለች፤ ወይ "ሰው ሠራሽ ነው፣ እመቤቴ"። ሰው ሠራሽ የተባለው ሲመረመር እውነተኛ ላባ ሆኖ ይገኝ ነበር። ቢዋሹ አይፈረድባቸውም፣ ገንዘቡ ያሳብዳል። በ1903 አሜሪካ ውስጥ የአንድ ወቄት ዋጋ 32 ዶላር ደርሶ ነበር። ያኔ አንድ ወቄት ወርቅ ከ21 ዶላር አያልፍም።

ወደ ኤምሊ ልምጣ። በዚያ ዘመን ስለ ወፍ የሚያጠኑ ምሁራን ማኅበር ነበራቸው፣ ሴት የማይገባበት። ኤምሊ ለእነሱ ጻፈች፤ ዝም አሏት። ስለዚህ ጓደኞቿን ሻይ ጠራች። ለመማል የጠየቀቻቸው ነገር ቀላል ነው። ለምግብ ያልታረደ ወፍ ላባ ላለማድረግ፣ ከሰጎን በቀር። ሰጎኑ ለምን ተተወ ብትዪ፣ በእርባታ የሚያዝ ሰጎን ላባው ይቆረጣል እንጂ አይሞትም።

ብቻዋንም አልነበረችም። እዚህ ለንደን ጥግ ክሮይደን ውስጥ ኤሊዛ ፊሊፕስ የሚባሉ ባልቴት በዚያው ዓመት እንደሷው ሻይ እያፈሉ ሴቶችን ይሰበስቡ ነበር። በ1891 ሁለቱ ተዋሃዱ። የፖርትላንዷ ዱሸስ (የመስፍን ሚስት) ዊኒፍሬድ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ እስከ 1954፣ እስኪሞቱ ድረስ! (የእኛን አገር ዕድርና ዕቁብ ሊቀ መናብርት አስታወሱኝ።)

ሥራውን የተሸከመችው ግን ኤታ ሌመን ናት። ስለ እሷ ሳወራ አልጠግብም። ገና ሳታገባ ጀምራ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጣ የሴቶቹን ባርኔጣ ትቆጥራለች። ማን የምን ወፍ እንዳደረገች ትይዛለች። ከዚያ ለእያንዳንዷ ደብዳቤ ትልካለች። "ባርኔጣሽ ላይ ያለው ወፍ እንዲህ ሆኖ ነው የሞተው" ብላ። በሚቀጥለው እሑድ ከእሷ ጋር ዓይን ለዓይን መጋጠም ምን ያህል እንደሚከብድ አስቢው። ቁጣ የለው፣ ስድብ የለው። ይሉኝታ ብቻ። ይሉኝታ የሀበሻ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በ1904 ማኅበሩ ከንጉሡ ቻርተር (የዕውቅና ሰነድ) አገኘ፣ "ሮያል" (ንጉሣዊ) ተባለ። ያኔ የክብር ጸሐፊነቱ ወደ ባሏ ወደ ፍራንክ ዞረ። ሥራው ግን እሷው ጋር ቀረ። ለምን እንደተረሱ ከጠየቅሽ አንዱ መልስ ይኸውልሽ።

ሕጉን በተመለከተ፣ ያለሽን አሮጌ ባርኔጣ ብታደርጊው ማንም አይዝሽም። መሸጥ ግን ደንብ አለው፤ ከመሸጥሽ በፊት ጠይቂ። ነውሩን አንቺው ታውቂዋለሽ።

የቦስተኑ ታክሲ፦

ልጄ፣ በጣም ደስ የሚል ወሬ ነው ያመጣሽው። እኔ ቦስተን 26 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሄመንዌይ የሚባል መንገድ ላይ ስንቱን ተማሪ ጭኛለሁ። ስሙን ከመንገድ ታርጋ ሌላ አላውቀውም ነበር። አንድ ቀን የማሳቹሴትስ ኦዱቦን የሚባለው የወፎች ጥበቃ ማኅበር ያለበት ጫካ የልጅ ልጄን ይዤ ሄድኩ። እዚያ ነው ሃሪየት ሄመንዌይ የምትባል ሴት እንደነበረች የሰማሁት። ጡረተኛ ጊዜ አለው፣ ገባሁበት።

ሃሪየት የባክ ቤይ ሰፈር ሀብታም ናት፣ ክላረንደን መንገድ ላይ የምትኖር። በ1896 መጀመሪያ ላይ አዳኞች ለላባ ሲሉ ወፎች ጎጆ የሠሩበትን ቦታ እንዴት እንደሚያጠፉ የሚተርክ ጽሑፍ አነበበች። ተነሥታ ወደ ዘመዷ ወደ ሚና ሆል ሄደች። ሁለቱ ምን አደረጉ መሰለሽ? የቦስተን ባለጸጎች ስም የተዘረዘረበት ሰማያዊ መጽሐፍ ነበረ። እሱን ዘርግተው ላባ ታደርጋለች ብለው የጠረጠሯትን ሁሉ ምልክት አደረጉ። ከዚያ ሻይ፣ ሻይ፣ ሻይ። ወደ 900 ሴቶች አሳመኑ።

ብልጠታቸውን ልብ በዪ። ሴቶች ብቻቸውን ቢሆኑ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት እንደማይሰማቸው ያውቃሉ። ድምፅ እንኳ የላቸውም። ስለዚህ ምሁራኑን ጠርተው ዊልያም ብሩስተር የሚባል የታወቀ የወፍ አዋቂ ሊቀ መንበር አደረጉት። ወንዱ ፊት ተቀመጠ፣ ሥራው ጓዳ ተሠራ። በዓመቱ፣ በ1897፣ ማሳቹሴትስ የዱር ወፍ ላባ ንግድን ከለከለች።

ከዚያ በፊት በ1886 ግሪኔል የሚባል የመጽሔት አዘጋጅ የኦዱቦን ማኅበር ብሎ ጀምሮ ነበር። 39,000 ሰው ፈረመለት። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ፈረሰ። ሰው ፈርሞ ቤቱ ገባ። የሴቶቹ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለ። እኔ እንደሚመስለኝ ልዩነቱ ፊርማና ሻይ ነው። የፈረምሽበትን ወረቀት ትረሻለሽ። ሻይ የጠጣሽበትን ቤት ሴትዮ ግን መንገድ ላይ ታገኛታለሽ።

በዚያው በ1886 ፍራንክ ቻፕማን የሚባል ወጣት ኒው ዮርክ ውስጥ ሁለት ቀን እየተራመደ ባርኔጣ ቆጥሯል። ከ700 ባርኔጣ 542ቱ ላባ ነበረው። 40 ዓይነት ወፍ ለየ። አንድ ሰው ጫካ ሳይገባ፣ ማንሃተን መሐል!

ሌላም ልንገርሽ፤ ከወፉ ጋር ባይገናኝም ሴትዮዋን ያሳይሻል። የታወቀው ጥቁር አሜሪካዊ መምህር ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ቦስተን መጥቶ በቆዳው ቀለም ሆቴል ሲከለክለው እቤቷ ያስተናገደችው ሃሪየት ናት። 102 ዓመት ኖራ በ1960 ሞተች።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አሜሪካ ያላችሁ ተጠንቀቁ። የ1918ቱ የስደተኛ ወፎች ሕግ አሁንም ይሠራል። ከመሬት የወደቀ የአብዛኛውን የዱር ወፍ ላባ አንሥቶ ቤት መውሰድ እንኳ ክልክል ነው። የልጅ ልጄ ያን ቀን አንዷን ኪሷ ከታ ነበር። "ወድቃ ነው ያገኘኋት" አለች። የነጋዴዎቹ ቃል ይኸው ነበርና፣ ሕጉ የወደቀና የተነቀለ አይለይም። ጠባቂዋ ሳቅ ብላ አስመለሰቻት።

አሞራ ገደል፦

ጋሼ፣ እህቶቼ፣ ሰላም። እኔ ሐዋሳ ነኝ፣ ጎብኚ አስጎበኛለሁ። ኢግሬቱን ለማየት እንግሊዝ መሄድ አያስፈልግም። ጠዋት አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ብትመጡ ነጭ በነጭ ሆኖ ታዩታላችሁ። ከብት የሚከተለው ትንሹ ነጭ ወፍም ዘመዱ ነው። እኛ አገር ልጅ ድንጋይ ይወረውርበት ይሆናል እንጂ ላባውን የሚፈልግ የለም።

ግን ሳቅ የሚያመጣ ነገር ላካፍላችሁ። እዚሁ ገበያ ከዓሣ አጥማጆቹ እግር ሥር የማይጠፋው አባ ኮዳ አለ አይደል? ራሰ በራው፣ ጉሮሮው ላይ ከረጢት ያንጠለጠለው፣ የዓሣ አንጀት ሲጥሉለት የሚሻማው። ፈረንጆች "ማራቡ" ይሉታል። አሁንም ፋሽን ቤት ሄዳችሁ "ማራቡ" በሉ፤ ለሙሽራ ልብስና ለመኝታ ጋውን ጠርዝ የሚሰፋ ነጭ ለስላሳ ብናኝ ያመጡላችኋል። ስሙ የመጣው ከአባ ኮዳ ነው። ጥንት የሚያወጡት ከጅራቱ ሥር ካለው ለስላሳ ላባ ነበር። የዛሬው አብዛኛው የቱርክ ዶሮ ነው። ለጎብኚዎች ይህን ስነግራቸው አንዴ አባ ኮዳን፣ አንዴ እኔን ያያሉ። አያምኑኝም።

ሰጎኑን ስላነሣችሁት፣ የቤተ ክርስቲያናችን ጉልላት መስቀል ላይ የሚሰካው የሰጎን እንቁላል ትዝ አለኝ። እናንተ እንግሊዝ ጋ ሰጎን ከመሐላው ነፃ ሲወጣ፣ እኛ ጋ ጣራ ላይ ወጥቷል።

ዝም አልልም፦

ሁሉም ጥሩ። ግን መላእክት አታድርጓቸው።

መርፌና ክር፣ ኤታ ሌመንን አወደስሻት፤ አንድ ነገር ግን ዘለልሽ። ኤታ ሴቶች ድምፅ እንዲሰጡ አትፈልግም ነበር። ፀረ ምርጫ መብት የሴቶች ሊግ የሚባል ነበረ፤ የዚያ አባል ናት። እነ ፓንክኸርስት ደግሞ ተከታዮቻቸው አደባባይ ሲወጡ አምረው እንዲለብሱ ነበር የሚፈልጉት። ያኔ አምሮ መልበስ ማለት ላባ ያለው ባርኔጣ ጭምር ነው። ስለዚህ የማንችስተሯ እህታችን ትራም ማዶ የምታያት ሐውልትና የዲድስበሪው ቤት ልብ ለልብ አይገናኙም። የሴቶችን መብት ታሪክ የጻፉት ኤታን የሚወዱበት ምክንያት የላቸውም። የወፎቹን ታሪክ የጻፉት ደግሞ ባብዛኛው ወንዶች ነበሩ። መሐል ላይ ወደቀች። እናንተ በባል ስም ተሸፈነች ትላላችሁ። እኔ ደግሞ በራሷም አቋም ነው እላለሁ።

ሁለተኛ፣ ላባውን ማን ነበር የሚሠራው? ለንደን ምሥራቅ ያሉ ድሃ ልጃገረዶች። ኒው ዮርክም ሎወር ኢስት ሳይድ የሰፈሩ አይሁድና ጣሊያን ስደተኞች። የሚያጥቡት፣ የሚያቀልሙት፣ የሚጠቀልሉት። ሻይ የሚጠጡት ወይዘሮዎች ያችን ባርኔጣ ሲጥሉ ሌላ ያደርጋሉ። ልጅቷ ምን ትበላለች? ሰጎን እንኳ የዳነበት ንግድ በ1914 ተንኮታኩቷል። ደቡብ አፍሪካ ኦድትስሆርን ውስጥ በላባ ቤተ መንግሥት የመሰለ ቤት የሠሩ ሰዎች ከሰሩ። ያን የጣለው ጦርነቱና ፋሽኑ ነው፣ ማኅበሩ አይደለም። ቢሆንም ይሉኝታ ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው።

ሦስተኛ፣ እኛም ከፋሽኑ ንጹሕ አይደለንም። ጃንሆይ በ1963 ዋሽንግተን ሲሄዱ ለፕሬዚዳንቱ ሚስት ለጃክሊን ኬኔዲ ያበረከቱት የነብር ቆዳ ካፖርት ነው። ተደስታ እዚያው አድርጋው አትክልቱ ውስጥ ወጣች ይባላል። እሷ ያደረገችውን ዓለም ሁሉ ያደርግ ነበር። ያኔ ለነብሩ ሻይ ያፈላች አልነበረችም መሰለኝ፣ ቢያንስ ቤተ መንግሥት አካባቢ።

መርፌና ክር፦

ዝም አልልም፣ ልክ ነህ፣ አልክድም። ሆን ብዬ ነው የዘለልኩት፣ ስለምወዳት።

ግን ይሉኝታ ብቻ አልነበረም። በ1911 በጋ ማኅበሩ ሰዎች ቀጥሮ በደረትና በጀርባቸው ሰሌዳ አንጠልጥለው ለንደን ዌስት ኤንድ ውስጥ አዞራቸው። ሱቆቹ ፊት ለፊት። ሰሌዳው ላይ የኢግሬቶቹ ታሪክ አለ፣ ጎጆው፣ የሞተችው እናት፣ የተራቡት ጫጩቶች። ምስሉ የመጣው አውስትራሊያ ውስጥ ማቲንግሊ የሚባል ሰው ካነሣው ፎቶ ነው። ሱቅ የምትገባዋ ወይዘሮ አይታ ነው የምትገባው። ከዚያ በፊት በ1906 ንግሥት አሌክሳንድራ "እኔ ያን ላባ አላደርግም" ብላ ጽፋ ሰጥታቸው ነበር። ያም ሆኖ ሕጉ እስከ 1921 አልወጣም። ከዲድስበሪው ሻይ 32 ዓመት! ሕጉም የከለከለው ወደ አገር ማስገባቱን ነው፤ ማድረጉን አይደለም። ሰጎን አሁንም ተፈቀደ።

ኤታም በመጨረሻ በ1930ዎቹ ማብቂያ ላይ ራሷ ካሳደገችው ማኅበር ገሸሽ ተደርጋለች። በ1953 ሞተች። ኤምሊ ደግሞ ከወፉ ጎን ለጎን ማንችስተር ውስጥ ሥራ ለሚፈልጉ ሴቶች ማኅበር አቋቁማ ነበር። ስለ ልጃገረዷ እንጀራ ያሰበ የለም እንዳትለኝ ብዬ ነው።

የቦስተኑ ታክሲ፦

ዝም አልልም፣ ልጄ፣ ክርክርህን ወድጄዋለሁ። ግን ሁለቱን አንድ ላይ የያዘችም ነበረች። ሮዛሊ ኤጅ፣ የኒው ዮርክ ሴት። መጀመሪያ ለሴቶች ድምፅ ታገለች። ያ ሲያልቅ ወደ ወፍ ዞረች። በ1929 የኦዱቦንን አለቆች ራሳቸውን ስብሰባ ላይ ተነሥታ ሞገተቻቸው፤ ጠሏት። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ሰዎች ለመዝናናት ጭልፊት የሚተኩሱበት ተራራ ነበር። ሕግ እስኪወጣ አልጠበቀችም። በ1934 ተራራውን ተከራየችና ጠባቂ አቆመችበት። ሆክ ማውንቴን ይባላል፣ ዛሬም አለ። በደብዳቤ ብቻ አልቆመችም። ኪራይ ከፈለች፣ በቃ።

የማንችስተሯ፦

ይቅርታ ዘገየሁ። ሥራ፣ ልጅ፣ ሰርግ።

መርፌና ክር፣ እንዳልሽኝ መስኮት አጠገብ ያዝኩት። ክሮቹ ተራርቀዋል፣ ለየብቻ ቆመዋል። በጣቴ ባሸውም አይገጥምም። ኢግሬት ነው። ተቀምጬ ትንሽ አየሁት። ውበቱ አልቀነሰም፤ ያ ነው ያናደደኝ። አስቀያሚ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ዝም አልልም፣ የልጃገረዶቹ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ባርኔጣውን ገልብጬ ስፌቱን አየሁ። በእጅ ነው የተሰፋው፤ ላባው ሥር ያለው ክር እንዴት ደቅቆ እንደተጠቀለለ! ለዚያ ስል አልጣልኩትም። ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ላይ አለ።

አሮጊቷ ጋ ሄጄ "ባርኔጣውን ትቼዋለሁ" አልኳቸው። "ምን ልታደርጊ ነው ታዲያ?" አሉኝ። ነጠላዬን አመጣሁላቸው። ጥለቱን በጣታቸው ረጅም ጊዜ ዳሰሱት። እናታቸው የማኅበሩ አባል እንደነበሩ ያን ጊዜ ነው የነገሩኝ። ልጅ ሳሉ ከእናታቸው ጋር መንገድ ሲሄዱ፣ ላባ ያላት ሴት ስትመጣ እናትዬው ማዶ ይሻገሩ ነበር አሉ። "እኔ አፍር ነበር" አሉኝ፣ "ሰው ሁሉ ያየን ነበር።"

ባለፈው ሳምንት ደግሞ መርሲ ወንዝ ዳር፣ ከፓርኩ በታች፣ ነጭ ወፍ ቆማ አየሁ። ጥቁር እግር፣ ቢጫ ጣት። ትንሹ ኢግሬት ነው አሉኝ። እንግሊዝ ውስጥ መራባት የጀመረው በ1996 ነው፤ ብራውንሲ በምትባል ደሴት። ኤምሊ በቤቷ በር ላይ አይታው አታውቅም ማለት ነው።

ሰርጉ ቅዳሜ ነበር። በነጠላ ሄድኩ። ባልደረባዬ መጀመሪያ አኮረፈች፤ ፎቶ ላይ ከሁሉም እኔ ደምቄ ስታይ ተወችው። የሙሽራው አያት ግን ትልቅ ሐምራዊ ባርኔጣ አድርገው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ላባው ወደ ታች ተንዘርፍፏል። ቄሱ ሲናገር እኔ ላባውን ሳይ ነው የቆየሁት፤ ኤታን ሆኜ። ግራና ቀኙ እኩል ነው። ሰጎን ነው፣ ተፈቅዷል። ዞር ሲሉ ፈገግ አልኩላቸው።